ባትሪውን ሁሉ ይጠይቃል፤ ጎማውንስ ማን ይጠይቅ?

ልደታ ከቦሌ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ እንደነበረች ከዛሬ ተማሪዎች ስንቶቹ ያውቁ ይሆን? የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራውን ሲጀምር አውሮፕላኖቹ ይነሡና ያርፉ የነበረው በዚሁ ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን አየር መንገዱ ቦይንግ 720 የተሰኘውን ጄት ለመግዛት ባሰበ ጊዜ የልደታ መንደርደሪያ ለአዲሱ አውሮፕላን አጭር ሆኖ ተገኘ። በዚህም ምክንያት የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። ከዚህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር እንቀስማለን፤ አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር ሊጠየቅ የሚገባው ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ማሽኑ ምድርን የሚነካበት ቦታ ጭምር ነው።

ዛሬም በዚያው በልደታ ጎዳና ላይ ሌላ አዲስ ማሽን ይመላለሳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። በየሻይ ቤቱ የሚነሣው ክርክርም ይታወቃል። አንድ ጊዜ በተሞላ ባትሪ ስንት ኪሎ ሜትር ይኬዳል? ባትሪው ስንት ዓመት ያገለግላል? መሙያው የት ይገኛል? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ መካከል ስለ ጎማ የሚጠይቅ አንድ ሰው ማግኘት ይቸግራል። እኛ ግን የኤሌክትሪክ መኪና ደኅንነት፣ ወጪና ንጽሕና ከባትሪው ባልተናነሰ በጎማው ላይ የተመሠረተ ነው እንላለን። ለምን እንዲህ እንደምንል እነሆ!

«ቸርኬው ላይ ከገባ በቃ ነው»

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን የአንዱ የኤሌክትሪክ መኪና በልደታ አንድ የኮብል ስቶን መንገድ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ጎማው ሲፈታ የጎን ግድግዳው እንደ ዕባጭ አብጦ ተገኘ። ጠጋ ብለን ስንመለከት ከሌሎቹ ሦስት ጎማዎች ይልቅ ጠበብ ያለ ከመሆኑም በላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር የተለየ ነበር። በሦስቱ ላይ 105 ተጽፎ ሳለ በዚህኛው ላይ የሰፈረው 96 ነው። መኪናው ሲገዛ ጀምሮ እንዲሁ እንደነበረ ባለቤቱ ያወቀው ያን ዕለት ነው። ወጣቱን ጎሚስታ ስለ ቁጥሩ ብንጠይቀው በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ጎማው ቸርኬው ላይ ከገባ በቃ ነው፤ ቁጥሩን የሚጠይቅ ሰው መጥቶብን አያውቅም» ሲል መለሰልን።

ይህን የምንጽፈው ጎሚስታውን ለመውቀስ አይደለም። ማንም አላስተማረውም፤ ደንበኛም ጠይቆት አያውቅም። ነገር ግን ያ ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር ቀልድ አይደለም። የሸክም መለኪያ ይባላል። አንድ ጎማ በተገቢው የአየር ግፊት ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት በዓለም አቀፍ ስምምነት ያመለክታል። 82 ማለት 475 ኪሎ ግራም፣ 91 ማለት 615፣ 96 ማለት 710፣ 100 ማለት 800፣ 105 ማለት ደግሞ 925 ኪሎ ግራም ነው።

እስቲ ቀለል ያለ ሒሳብ እንሥራ። በከተማችን የምናውቃት ቪትዝ ክብደቷ ከ1,000 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም። በጎዳናችን የሚታየው የቮልስዋገን አይዲ ፎር ግን ባትሪው ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ጠቅላላ ክብደቱ ወደ 2,100 ኪሎ ግራም ይጠጋል። አምስት ሰዎችና ዕቃቸው 500 ኪሎ ግራም ቢጨምሩበት 2,600 ይሆናል። ይህ ለአራት ጎማ እኩል ቢከፋፈል እንኳ ለእያንዳንዱ 650 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። የሸክም መለኪያው 91 የሆነ ጎማ ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ ከዐቅሙ በላይ ተሸከመ ማለት ነው። ጭነት ደግሞ ፈጽሞ እኩል አይከፋፈልም። ዕቃው ከኋላ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሸሻል፤ በኩርባ ላይ ወደ ጎን ያጋድላል፤ ጉድጓድ ሲገኝ ለቅጽበት ይባዛል። ስለዚህ የ96 ጎማ 710 ኪሎ ግራም በወረቀት ላይ የሚበቃ ቢመስልም ለክፉ ቀን የሚተርፍ ነገር የለውም።

ለዚህ ነው የጎማ አምራቾች ለከባድ መኪናዎች የተጠናከሩ ጎማዎችን የሚሠሩት። በጎማው ላይ «ኤክስ ኤል» የሚለው ምልክት ተጨማሪ ሸክም የሚችል መሆኑን ያሳያል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በተለይ የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ክብደት በማሰብ «ኤች ኤል» የተባለ ከዚያም የላቀ ደረጃ ወጥቷል።

በቀጭን አየር ውስጥ ያለ ጎማ

ጎማ መኪናውን የሚሸከመው በላስቲኩ ብርታት ሳይሆን በውስጡ በታመቀው አየር ነው። ግፊት ማለት ኃይል በስፋት ሲካፈል እንደሆነ በስምንተኛ ክፍል ተምረናል። አንድ ጎማ 525 ኪሎ ግራም ቢሸከምና የአየር ግፊቱ 250 ኪሎ ፓስካል (36 ፒ ኤስ አይ ገደማ) ቢሆን መሬቱን የሚነካበት ስፋት ወደ 206 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። አራቱ ጎማዎች ተደምረው ከዚህ መጽሔት አንድ ገጽ ጥቂት የሚበልጥ ስፋት ብቻ ይኖራቸዋል። ሁለት ቶን የሚመዝን ማሽንና በውስጡ ያሉት ነፍሳት በሙሉ በዚህች አንዲት ገጽ ላይ ተንጠልጥለዋል።

ለፊዚክስ ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ አንድ ቁም ነገር አለ። ጎሚስታው የሚያነበው መለኪያ የሚነግረን በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው። የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን ወደ 77 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ይላል። ስለሆነም የመለኪያው ንባብ በሁለት ነገሮች ይለዋወጣል፤ በሙቀትና በከፍታ።

አንድ አሽከርካሪ በልደታ ማለዳ በ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ጎማውን በ250 ኪሎ ፓስካል አስነፍቶ ወደ አዋሽ ወረደ እንበል። የጎማው ጠቅላላ ግፊት 250 ሲደመር 77፣ ማለትም 327 ነው። በአስፋልቱ ሙቀትና በጉዞው የጎማው አየር 55 ዲግሪ ቢደርስ ጠቅላላው ግፊት ወደ 372 ያድጋል። በአዋሽ አካባቢ የከባቢው ግፊት 90 ያህል ስለሆነ መለኪያው 282 ያነባል። አሽከርካሪው ደንግጦ «በዝቷል» በማለት ወደ 250 ያስተነፍሰዋል። በማግስቱ ማለዳ ልደታ ተመልሶ ቢለካው የሚያገኘው 222 ገደማ ብቻ ነው! ጎማው አልተበሳም፤ ማንም አልነካውም። የጎደለው አየር እዚያው አዋሽ በገዛ እጁ የለቀቀው ነው። ስለዚህም ሕጉ አንድ ነው፤ ጎማ የሚለካው ሲቀዘቅዝ፣ መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ ከጉዞ በፊት ነው። የሞቀ ጎማ አይተነፈስም።

«መኪናዬ ራሱ ያስጠነቅቀኛል» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች የግፊት ማስጠንቀቂያ አላቸው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው በአብዛኛው የሚበራው ግፊቱ ከተገቢው 20 ወይም 25 በመቶ ከጎደለ በኋላ ነው። ባለ 222 ኪሎ ፓስካሉ ጎማ ከ250 የጎደለው 11 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ መብራቱ ዝም ይላል። ጎማው ግን ትከሻው እየተበላ፣ ውስጡ እየጋለ፣ ባትሪውንም እየጠጣ ይሄዳል።

ባትሪውን ማን ይጠጣዋል?

ጎማ በተንከባለለ ቁጥር የታችኛው ክፍሉ ይጨፈለቃል፤ መልሶም ይነሣል። ላስቲክ የተሰጠውን ጉልበት ሁሉ መልሶ አይሰጥም፤ ከፊሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ይህ የመንከባለል ተቃውሞ ይባላል። ለተለመደ የመኪና ጎማ ተቃውሞው ከክብደቱ አንድ በመቶ ያህል ነው። 2,100 ኪሎ ግራም ለሚመዝን መኪና ይህ 206 ኒውተን ሲሆን፣ በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ 5.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይወስዳል። ጎማው ደካማ ሆኖ ተቃውሞው 1.2 በመቶ ቢሆን 6.9 ይደርሳል፤ ጥሩ ሆኖ 0.8 በመቶ ቢሆን ወደ 4.6 ይወርዳል። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 460 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

በአዲስ አበባ ይህ ጉዳይ ከሌላው ዓለም ይልቅ ይከብዳል። የመኪና ጉልበት ከሚበላባቸው ነገሮች አንዱ የአየር ግጭት ነው። በእኛ ከተማ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ወደ ሩብ የሚጠጋ የሳሳ ነው፤ የከተማው ፍጥነትም ዝቅተኛ ነው። አየሩ ድርሻውን ሲቀንስልን የጎማው ድርሻ ጎልቶ ይወጣል። በልደታ በኩል ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያልፈው የከተማ ባቡር ብረት በብረት ላይ ስለሚንከባለል ለክብደቱ የሚከፍለው ቀረጥ ከጎማ እጅግ ያነሰ ነው። መኪና ይህን ዕድል ባያገኝም ጎማን በመምረጥና በመንከባከብ ቀረጡን ሊቀንስ ይችላል።

ጭስ የለም ማለት ብክለት የለም ማለት አይደለም

የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፤ ይህም ለከተማችን ሳንባ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ጥርሱ ያለቀ ጎማ ያ ሁሉ ላስቲክ የት ሄደ? መልሱ አጭር ነው፤ በመንገዱ ላይ ቀርቷል። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከመነሻው ሙሉ ጠምዛዥ ኃይሉን ስለሚሰጥና መኪናው ከባድ ስለሆነ ጎማው ፈጥኖ ያልቃል። የጎማ አምራቾች ልዩነቱ እስከ 20 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ይገልጻሉ።

እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ተመራማሪዎች ይፋ የሆነ ጥናት የዚህን ብናኝ ጉዳት በግልጽ አሳይቷል። በዋሽንግተን ግዛት ዝናብ በዘነበ ቁጥር ኮሆ የተባሉ የሳልሞን ዓሦች በጅረቶች ውስጥ በብዛት ይሞቱ ነበር። ገዳዩ ለዓመታት ሲፈለግ ቆይቶ ላስቲክ እንዳይሰነጣጠቅ በጎማ ውስጥ ከሚጨመር ኬሚካል የሚፈጠር ውሕድ ሆኖ ተገኘ። የአዲስ አበባ ጎርፍም ወደ ትንሹና ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤልና ወደ አዋሽ ይወርዳል። ኮሆ ሳልሞን በእኛ ወንዞች የለም፤ ነገር ግን በአዋሽ ውኃ የሚያጠጣ ገበሬና ከብቱ አሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው «ዩሮ 7» በተባለው ደንብ የጎማ ብናኝ ገደብ እንዲኖረው የወሰነ ሲሆን፣ ደንቡ የኤሌክትሪክ መኪናንም ይጨምራል። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጥናት ርእስ የሚያጡ ከሆነ ከክረምት የመጀመሪያ ጎርፍ የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ውኃ ይበቃቸዋል።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ይህ ሁሉ የነጋዴ ማስታወቂያ ነው፤ ለኤሌክትሪክ መኪና ተብሎ የሚሸጠው ጎማ ውድ ነው» የሚል ነው። ከፊሉን እንቀበለዋለን። በጎማው ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ምልክት መታተሙ ግዴታ አይደለም። ግዴታ የሚሆነው መጠኑ፣ የሸክም መለኪያውና የፍጥነት ደረጃው አምራቹ ከወሰነው አለማነሱ ነው። እነዚህን ያሟላ ተራ ጎማ፣ የሸክም መለኪያው ከጎደለ ባለ ምልክት ጎማ ይሻላል። ይህን የሚለይ ገዢ ነጋዴ አያታልለውም። በነገራችን ላይ፣ በታሪክ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሄደው የመጀመሪያው መኪና፣ እ.ኤ.አ. በ1899 በፈረንሳይ የተነዳው «ላ ዣሜ ኮንታንት»፣ የኤሌክትሪክ መኪና ነበር፤ የተንከባለለውም አየር በተሞሉ የሚሽላን ጎማዎች ላይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናና የጎማ ትዳር አዲስ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠለቅ ያለ ነው። «ተቃውሞው አነስተኛ የሆነ ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ አይዝም፤ ለክረምታችን አደገኛ ነው» ይላል። በእርግጥም አምራቹ የመንከባለል ተቃውሞን፣ የእርጥብ መንገድ ይዞታንና ዕድሜን በአንድነት ለማሟላት ይቸገራል፤ አንዱን ሲያገኝ ሌላውን ያጣል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ እኛ የምንመርጠው ይዞታን ነው። ጥቂት ኪሎ ዋት ሰዓት የሰውን ሕይወት አይተካምና። ሆኖም በክረምት ከጎማው ዓይነት ባልተናነሰ ግፊቱና ጥርሱ ይወስናሉ። የአሜሪካው ናሳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአውሮፕላን ጎማዎችን ሲያጠኑ ጎማ በውኃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት ከአየር ግፊቱ ካሬ ሥር ጋር እንደሚመጣጠን ደርሰውበታል። በዚያ ሕግ መሠረት 36 ፒ ኤስ አይ ያለው ጎማ ውኃ በተኛበት መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲንሳፈፍ፣ ግፊቱ ወደ 25 ቢወርድ በ83 ይንሳፈፋል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ደግሞ ውኃውን የሚያስወጣበት ቦይ ስለሌለው ሁኔታውን ያባብሳል።

ምን ይደረግ?

የመኪና ባለቤት ሊያደርግ የሚገባው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በአሽከርካሪው በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን የግፊት መጠን ያንብብ፤ በወር አንድ ጊዜ፣ ከረጅም ጉዞ በፊትም፣ ጎማዎቹ ሳይሞቁ ያስለካ። የጥርሱ ጥልቀት በቦዮቹ ውስጥ ካሉት የ1.6 ሚሊ ሜትር ምልክቶች ጋር ከመስተካከሉ በፊት ይለውጥ። ጎማ ሲገዛ በጎኑ የታተሙትን አራት አኃዞች ይፈልግ፤ 2321 ማለት እ.ኤ.አ. በ2021 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ላስቲክ በመጋዘን ተቀምጦም ያረጃልና «አዲስ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ጎማዎቹን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ቦታ ማለዋወጥ ይጠቅማል፤ ሆኖም እንደ አይዲ ፎር ባሉ መኪናዎች የፊቱና የኋላው ጎማ ስፋት ስለሚለያይ ከፊት ወደ ኋላ ማዛወር አይቻልም። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ስኮርታ ጎማ ይዘው እንደማይመጡም ከወዲሁ ማወቅ ይበጃል።

ጎሚስታው ደግሞ መማር ያለበት አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከወለሉ ሥር የተዘረጋ ስለሆነ ክሪክ ባገኘበት ቦታ ሊያስገባ አይገባም። አምራቹ ምልክት ካደረገባቸው ነጥቦች ውጭ ማንሣት የመኪናውን ውድ አካል መጨፍለቅ፣ ከዚያም አልፎ እሳት መጋበዝ ነው። ይህን ትምህርት ማን ይስጥ ቢሉ ሩቅ መሄድ አያሻም። አንጋፋው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በዚሁ በልደታ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ለአካባቢው ጎሚስታዎች የጥቂት ቀናት ሥልጠና ቢሰጥ ተጠቃሚው የከተማው ሕዝብ በሙሉ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥያቄያችን ለሚመለከታቸው አካላት ነው። ወደ አገር የሚገባ መኪና በጉምሩክ ሲፈተሽ፣ በየዓመቱም ለምርመራ ሲቀርብ፣ የጎማው የሸክም መለኪያና የተሠራበት ቀን ከአምራቹ ሰነድ ጋር ይመሳከር። ይህ የቤተ ሙከራ ዕቃ አይጠይቅም፤ ማንበብ የሚችል ዓይንና አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ብቻ ይበቃል። አገሪቱ ከነዳጅ ለመላቀቅ ይህን ያህል ስትደክም፣ ያዳነችውን የውጭ ምንዛሪ ያለ ዕድሜው ለሚያልቅ ጎማ መልሳ ብትከፍለው ሒሳቡ የት ላይ ሊገጥም ነው?

ያ ያበጠ ጎማ ዛሬ በፋኩልቲያችን አንድ ጥግ ተቀምጧል። የጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች እየመጡ ቁጥሩን ያነብባሉ፤ ሸክሙንም ያሰላሉ። መኪናው በዚያ ጎማ አውራ ጎዳና ላይ በሙሉ ፍጥነት ሳለ ቢሆን ኖሮ ግን የምንጽፈው ሌላ ጽሑፍ ይሆን ነበር። አባቶቻችን አዲሱ ጄት ከመምጣቱ በፊት የልደታን መንደርደሪያ ለክተው «አይበቃም» ለማለት ችለዋል። እኛም አዲሱን መኪና ከማመስገናችን በፊት ጎንበስ ብለን ጎማውን እንለካ።